አውቶቡስ ውስጥ የተለጠፈው የሆስፒታል ሂሳብ

ማዳቪ አውቶቡሳችን ላይ ስትሳፈር ሦስቱን ደረጃ ለመውጣት ሦስት ጊዜ ታርፍ ነበር። አንዱን ትወጣለች፣ የበሩን ብረት ትይዛለች፣ ትተነፍሳለች። ሁለተኛውን ትወጣለች፣ እንደገና ትተነፍሳለች። እኔ ለሹፌሩ «ሂድ» የምልበትን የደወል ገመድ ጨብጬ ከኋላ የሚመጣውን አውቶቡስ እያየሁ ደሜ ይፈላል። በእኛ መስመር አንድ ደቂቃ የዘገየ፣ የሚቀጥለውን ማቆሚያ ተሳፋሪ ለተከታዩ አስረከበ ማለት ነው። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ «እትዬ፣ ደረጃ ነው የምትወጪው ወይስ ዙፋን?» አልኳት። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እሷ ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቆየችና፣ «ዙፋንማ ቢሆን ተሸክመህ ታወጣኝ ነበር» አለችኝ።

ይህን አስቀድሜ የምናገረው ራሴን ለማሞገስ እንዳልመጣሁ እንድታውቁልኝ ነው። ስሜ ሱጋታን ይባላል። ከቼርታላ አላፑዛ በሚሄደው መስመር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። አንደበቴ ክፉ ነው። ሚስቴም ትለኛለች፣ ሹፌሩ ፓይሊም ይለኛል።

ማዳቪ በማኅበር የምትሠራ ገመድ ገማጅ ናት። የኮኮናት ቃጫ እያከረረች ገመድ ታወጣለች፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሠርታ መዳፏ እንደ ገመዱ ሻክሯል። የእኔን የደወል ገመድ ባየች ቁጥር ትሰድበዋለች። «ናይሎን! በኮኮናት አገር ናይሎን!» ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፤ የራሷ ናት።

ለሕክምናዋ ገንዘብ ስታወጣ ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ሐኪም ዘንድ ስትገባ የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ዶክተር፣ የፋብሪካውን ስም ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ይጻፉልኝ» ነው። ያንን ወረቀት ይዛ አደባባዩ ላይ ያሉትን መስታወታም ፋርማሲዎች አልፋ የመንግሥት መድኃኒት መደብር ድረስ ትሄዳለች። «በዚህ ትንፋሽሽ ለምን ትደክሚያለሽ?» ብላት ሁለት ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይሄ አሥር ፍሬው መቶ አርባ ሩፒ። ይሄኛው አሥር ፍሬው ሃያ ሁለት። ውስጡ ያለው አንድ ነው። ልዩነቱ እዚህ ካርቶን ላይ የምትስቀዋ ሴት ናት። እሷ ለሳቀችው እኔ ልክፈል?»

የድሮ ራጆቿንና የምርመራ ወረቀቶቿን ሁሉ በፌስታል ጠቅልላ ትዞራለች፤ አዲስ ሐኪም ሁሉ «እንደገና ተነሺ» እንዳይላት። የሕክምና ተማሪዎች በሚማሩበት ሆስፒታል ረቡዕ ረቡዕ ምርመራ በግማሽ ዋጋ ነው። ስለዚህ ማዳቪ የምትታመመው ረቡዕ ብቻ ነው እያልን እንቀልድባት ነበር።

አንድ ስህተት ግን ሠራች። የመንግሥት የጤና መድን ካርድ በየዓመቱ ይታደሳል። በማደሻው ሳምንት ማኅበሩ ትልቅ ትእዛዝ ደርሶት ነበርና፣ «ኪኒኔ ይዞኛል፣ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት መዝገቡ ተዘጋ። ከሁለት ወር በኋላ ገመድ እየገመደች ወደቀች።

በልጅነቷ ያልታከመ ቶንሲል ልቧ ላይ ወጥቶ ኖሮ፣ አንዱ የልብ ቫልቭ ጠቦ ጠቦ ደም አላሳልፍ ብሏል። መቀየር አለበት ተባለ። በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው አሥር ወር ነው። ሐኪሙ ወረፋውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «ሦስት ወርም አልሰጥሽም» አላት። የግል ሆስፒታል ሄደች፤ ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ሩፒ ብለው በሁለት ገጽ ጽፈው ሰጧት። ቀዶ ሕክምናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ላለው ሰኞ ተያዘላት። ገንዘቡ ከሰኞ በፊት ተሟልቶ ካልገባ ቀኑ ለሌላ ይሰጣል።

የሰፈሯ ሴቶች ዕቁቡን ያለ ዕጣ አስቀድመው ሰጧት። ሁለት የወርቅ አምባሮቿን ሸጠች። ከትራሷ ሥርም ያላትን ጨመረች። ሁሉም ተደምሮ መቶ አሥር ሺህ ሆነ። አራጣ አበዳሪው ራሱ ቤቷ ድረስ መጥቶ ነበር፤ «ልቤን አድኜ ቤቴን ልቅበር?» ብላ መለሰችው። ከዚያ እኛ ዘንድ መጣች።

በእኛ አገር ከአቅም በላይ የሆነ ሕክምና የገጠመው ሰው፣ የአውቶቡስ ባለቤት አንድ ቀን ይሰጠዋል። ያን ቀን ትኬት አይቆረጥም፣ መልስም አይመለስም፤ ባልዲ ይዞራል። ተሳፋሪው የወደደውን ይጥላል። ነዳጁ ከባለቤቱ፣ የቀን ደሞዙ ከእኔና ከፓይሊ ነው። በአውቶቡሱ ግንባር ላይ የበሽተኛው ፎቶ በባነር ይሰቀላል። እኔ እንዲህ ያለ ቀን ብዙ አሳልፌአለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ስለ ደሞዜ ሳላጉረመርም ያሳለፍኩት የለም።

የአውቶቡሳችን ባለቤት ሐጂ ሞይዲን ይባላሉ፤ ስድስት አውቶቡስ አላቸው። ማዳቪን አስቀምጠው ሻይ አስመጡላት። «እንግዲህ ከቀጠሮሽ በፊት ያለው ሐሙስ ይሁን። ስድስቱም ይወጣሉ» አሏት። «ለባነሩ ሱጋታን አልጋ ላይ ተኝተሽ ፎቶ ያንሳሽ። አፍንጫሽ ላይ ቱቦ ቢኖር ደግሞ ጥሩ ነው።»

«ሐጂ፣ ቱቦ የለኝም እኮ።»

«ለፎቶው ብቻ ነው፣ ልጄ።»

እኔም አገዝኳቸው። «እትዬ፣ ሰው ሲያዝን ነው እጁ የሚፈታው። አምና ለዚያ ኩላሊቱን ለታመመው አናጢ ስንት የሰበሰብነው ፎቶው ስላስለቀሰ ነው። አንቺን እንዲህ ቀይ ሳሪ ለብሰሽ ቢያዩሽ ሠርግ የምትሄጂ ነው የሚመስላቸው።»

ማዳቪ ሻይዋን አስቀመጠች። «ሰው የሚያለቅስልኝ ስሞት ነው። አሁን እንዲከፍልልኝ ነው የምፈልገው። የሚከፍል ሰው ደግሞ ምን እንደሚከፍል ማየት አለበት።» ከፌስታሏ የሆስፒታሉን ሁለት ገጽ አወጣች። «ፎቶዬን ተዉትና ይሄን አሳድጋችሁ ለጥፉልኝ። ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ፣ ሰው ተቀምጦ የሚያነበው ቦታ።»

ሐጂ ደነገጡ። «ሂሳብሽን? ጓዳሽን ለአገር?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ፣ ሐጂ? ሂሳቡን የደበቀም ያው ነው። ባልዲውን ደግሞ እኔ ነኝ የምይዘው።»

«ደረጃው አቅቶሽ?» አልኳት።

«አንዴ ከወጣሁ አልወርድም።»

ስትሄድ ለፓይሊ፣ «ይቺ ሴት የምትሞተው በልቧ ሳይሆን በግትርነቷ ነው» አልኩት። ፓይሊ፣ «አንተ ደግሞ በምላስህ» አለኝ።

ሐሙስ ዝናብ ሲያወርድ አደረ፣ ሲያወርድ ዋለ። ሂሳቡ የበር መዝጊያ ያህል ሰፍቶ ከፓይሊ ወንበር ጀርባ ተለጥፏል፤ በሌሎቹ አምስት አውቶቡሶችም እንዲሁ። ማዳቪ ሦስቱን ደረጃ በሦስት እረፍት ወጣችና በሩ አጠገብ ያለችው የእኔ ወንበር ላይ ባልዲውን ታቅፋ ተቀመጠች። ከመቀነቷ የትኬቷን ዋጋ አሥራ ሦስት ሩፒ ፈታ መጀመሪያ የጣለችው እሷ ናት። «እኔም ተሳፋሪ ነኝ» አለች።

ከዚያ እኔ ጉድ ሠራሁ። አንዲት ዓሣ ሻጭ ቅርጫቷን እየጎተተች ገባችና መቶ ሩፒ ዘረጋችልኝ። እጄ የሃያ ሁለት ዓመት ልማዱን አይተውምና ተቀብዬ ሰማንያ ሰባት ሩፒ መለስኩላት። ሴትዮዋ መልሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ጮኸችብኝ። «መልስ ጠየቅኩህ እንዴ? ወይስ ለደግ ሥራ ሲሆን የእኔ ገንዘብ ዓሣ ዓሣ ሸተተህ?» ማዳቪ እስክትታፈን ሳቀች። እኔ ገንዘቡን ሰብስቤ ባልዲ ውስጥ ጨመርኩ፤ ከኪሴም ሃያ ሩፒ ደረብኩበት፣ ሴትዮዋ ዝም እንድትል።

የጠዋቱ ገቢ ግን ቀጭን ነበር። አንዱ ወፍራም ሰውዬ ባልዲውን አይቶ፣ «በሽተኛዋ የት ነው የተኛችው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ማዳቪ።

«አንቺ? እንዲህ እየሳቅሽ?»

«የታመመው ልቤ ነው፣ ጥርሴ አይደለም።»

ሰውዬው የአጭበርባሪ እጅ የሚነካ ይመስል አምስት ሩፒ ከሩቅ ወረወረ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «ብዬሽ ነበር» አልኳት። ልክ በመሆኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነገሩ የተለወጠው በሦስተኛው ጉዞ፣ መምህር ራገቫን ሲሳፈሩ ነው። የሂሳብ መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጋዜጣ ለአውቶቡሱ ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። ያን ቀን ጋዜጣው በዝናብ በስብሶባቸው ነበርና ዓይናቸው የተለጠፈው ሂሳብ ላይ አረፈ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«አልጋ፣ ልዩ ክፍል፣ ስምንት ቀን» አሉ ጮክ ብለው። «ማዳቪ፣ ልዩ ክፍል ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅኩም፣ መምህር። ማን ጠይቆኝ?»

«ታዲያ ማን አስተኛሽ?» ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። ሱሪ እንኳ ያለ ቀይ እስክሪብቶ ለብሰው አያውቁም። ወረቀቱ ላይ፣ «አልተጠየቀም። የጋራ ክፍል ይሁን። ልዩነቱ አሥራ አምስት ሺህ» ብለው ጻፉ።

ከኋላ ወንበር ሲስተር ሮሳማ ተነሱ። ሠላሳ ዓመት በቀዶ ሕክምና ክፍል የሠሩ ነርስ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስላቸዋል። «ዞር በሉልኝ እስቲ። ምንድን ነው ይሄ? ጓንት፣ መርፌ፣ መስፊያ ክር... እነዚህ እኮ ‹የቀዶ ሕክምና ክፍል ዋጋ› የሚለው ውስጥ ያሉ ናቸው። እዚህ ታች ደግሞ ለብቻቸው! አንድ ጓንት ሁለቴ ይሸጣል? እስክሪብቶውን ይስጡኝ፣ መምህር!» አሥራ ስምንት ሺህ ሩፒው ላይ በቀይ ክብ አደረጉ።

እኛ የዚህ አገር ሰዎች ክርክር ከሩዝ አስበልጠን እንወዳለን። አውቶቡሱ ሙሉ ለክርክር ተነሳ። የጀልባ እሽቅድድም ቀዛፊ የሆነ ጎረምሳ፣ «የደም ዋጋ አሥራ ሁለት ሺህ? እኛ መቶ ቀዛፊ ቁጭ ብለን? አራት ሰው ዛሬውኑ ይሰጣል!» ብሎ ስልኩን አውጥቶ ጻፈ። የመንግሥት መድኃኒት መደብር ሠራተኛ ደግሞ የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ጣቷን እያስኬደች አየች፤ «እነዚህን ስድስቱን እኛ ጋ በሩብ ዋጋ ታገኛቸዋለች፤ አሥራ አንድ ሺህ ይቀንስላታል» አለች። አንዱ፣ «ሆስፒታሉ የራሱን ካልገዛሽ ይላል» አለ። ሌላው፣ «እንደዚህ የሚል ሕግ የት አለ? አሳየኝ!» አለ። ሦስት ሰው መውረጃውን አለፈ። አንዱ ስለ ማለፉ ሲጮህብኝ፣ ሌላው «ቁጭ በል፣ ገና አልጨረስንም» አለው።

የሚገርመው፣ የተከራከረ ሁሉ ጣለ። በፎቶ ያዘነ ሰው አሥር ሩፒ ጥሎ ፊቱን ያዞራል። ይሄኛው ግን ጉዳዩ የራሱ ስለሆነ ሃምሳና መቶ ይጥላል፣ ሲወርድም «ሆስፒታሉ ምን እንዳለሽ ቅዳሜ ትነግሪኛለሽ» ይላል። ያ ወፍራም ሰውዬ ከሰዓት ተመልሶ ሲሳፈር ሂሳቡን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ አምስት መቶ ሩፒም አጥፎ አስገባ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ የማዳቪ ከንፈር ጠቆረ። ባልዲው ከጭኗ ላይ ተንሸራተተ። «ይበቃል፣ ውረጂ» አልኳት።

«አንዴ ከወጣሁ አልወርድም አላልኩህም?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንበሬ ላይ ልትሞቺብኝ ነው?» የተቆጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፈርቼ ነው።

እጄን በዚያ ሻካራ መዳፏ ያዘችኝ። «ሱጋታን፣ ልሙት ብዬ አይደለም እዚህ የተቀመጥኩት። መኖር እፈልጋለሁ። በጣም ነው የምፈልገው። ባልዲውን አቃናልኝ።» አቃናሁላት። ፓይሊ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ ነዳ።

ማታ ሐጂ ቤት የስድስቱ አውቶቡስ ባልዲ ተገልብጦ ተቆጠረ። ሁለት መቶ ሦስት ሺህ ሩፒ። በመስመራችን ታይቶ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። ከእሷ ጋር ተደምሮ ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ሺህ ሆነ። አርባ ሰባት ሺህ ጎደለ፤ ሰኞ ደግሞ ደርሷል። ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። እኔ ሴትዮዋን ማየት አቃተኝ።

«ምን ያስተክዛችኋል?» አለች ማዳቪ። «ሦስት መቶ ስልሳ ነው ያለው ማን ነው? ሱጋታን፣ ያን ወረቀት ሳትቀድ ልጠህ አምጣልኝ።»

ዓርብ ጠዋት ሆስፒታሉ የሂሳብ ክፍል ገባን፤ እሷ፣ መምህር ራገቫን፣ ሲስተር ሮሳማና እኔ። ማዳቪ ያንን የበር መዝጊያ የሚያህል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በእርሳስ፣ አንድ ቦታ ላይ በከንፈር ቀለም ሳይቀር ተጽፎበታል። ኃላፊው ክራባቱን አስተካከለ።

«ይሄ ምንድን ነው? የሆስፒታላችን ሰነድ ነው ወይስ የአውቶቡስ ግድግዳ?»

«ሁለቱም ነው» አለች።

ሲስተር ሮሳማ ጣታቸውን ጓንቱ ላይ አደረጉ። መምህር ድምሩን አነበቡ፤ አልጋው፣ ሁለቴ የተጻፈው ዕቃ፣ ደሙ፣ መድኃኒቱ፣ ሃምሳ ስድስት ሺህ። ኃላፊው አንገቱ ቀላ። «ዋጋችን ይሄ ነው። ካልተስማማችሁ ሌላ ቦታ መሄድ ትችላላችሁ።»

እኔ ልሳደብ አፌን ስከፍት ማዳቪ ክርኔን ጎሸመችኝ። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከደረጃው የመጣው ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። ቀስ ብላ ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ከፋይዋ እኔ ብቻ ብሆን ተመልሼ እሄድ ነበር። ከፋዮቹ ግን ሁለት ሺህ ይሆናሉ። ዛሬ ምን እንዳላችሁ ሊሰሙ ይጠብቃሉ። የሐጂ ስድስት አውቶቡስ በቀን አርባ ጊዜ በበራችሁ ያልፋል። ይሄ ወረቀት ነገ ተመልሶ ይለጠፋል። መልሳችሁ ከሥሩ ይጻፋል። ምን ብለን እንጻፍ?»

ሰውዬው ወረቀቱን አየ፣ መስኮቱን አየ። ከውጭ የፓይሊ አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪዎቹ አንገታቸውን አውጥተዋል። ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባ። ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲመለስ አዲስ ወረቀት ይዞ ነበር፤ «የጽሕፈት ስህተት ነበረበት» አለ። ሦስት መቶ አራት ሺህ። መምህር ራገቫን ሁለት ጊዜ ደመሩት። ማዳቪ ቆጥራ ከፈለችና ደረሰኙን ከራጆቿ ጋር ፌስታሏ ውስጥ አስገባች። የተረፈውን ዘጠኝ ሺህ ያን ዕለት ለሐጂ መለሰች። «ለሚቀጥለው በሽተኛ መነሻ ይሁን» አለች።

ሰኞ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። እኔና ፓይሊ ሥራ ላይ ነበርን። ሆስፒታል በር ላይ ጥሩምባ መንፋት ክልክል ስለሆነ፣ በበሩ ባለፍን ቁጥር የደወሉን ገመድ ሁለቴ እስብ ነበር፤ ለእኛ «ሂድ» ማለት ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ለምን እንደምስብ ያውቃል፤ አንድም ሰው አልሳቀም። በሰባተኛው ጉዞ ላይ ቀዛፊው ጎረምሳ ከበሩ ወጥቶ እየሳቀ እጁን አወዛወዘልን። ደሙን የሰጠበት ክንዱ ላይ ጥጥ ነበረበት። ፓይሊ መኪናውን ዳር አስይዞ ፊቱን በፎጣ ሸፈነ። እኔም አለቀስኩ፤ ዝናብ ነው አልኩ፤ ዝናቡ ግን ካባራ ሰዓት ሆኖት ነበር።

ሦስት ወር አለፈ። ከኮኮናት ዛፍ ወድቆ አከርካሪው ለተጎዳ ሰው ሐጂ አንድ ቀን ሰጡ። ሐጂም አልጠየቁ፣ እኔም አልጠየቅኩ፤ ፎቶ አልተሰቀለም። የሆስፒታሉን ሂሳብ አሳድገን ከፓይሊ ወንበር ጀርባ ለጠፍነው።

ጠዋት ከገመድ ማኅበሩ ማቆሚያ ስንደርስ ማዳቪ ቆማ ነበር፤ በሁለት እጇ አዲስ የተገመደች ቀጭን የኮኮናት ገመድ፣ ጫፏ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ታስሮ። በሩን ከፈትኩላትና የደወሉን ገመድ ጨብጬ ቆምኩ። እንደ ልማዴ ሦስቱን ትንፋሿን ልጠብቅ ነው። ብጠብቅም ደስ ይለኝ ነበር፤ ዕድሜዬን ሁሉ ብጠብቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስቱን ደረጃ ባንድ ትንፋሽ ወጥታ በአጠገቤ አለፈች። አሥራ ሦስት ሩፒዋን ባልዲው ውስጥ ጣለች፣ ገመዷን ከወረቀቱ አጠገብ ካለው ብረት ጋር አሰረች፣ ቋጠሮውን ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ከዚያ ዞር ስትል እኔ እንደቆምኩ ነኝ።

«ሱጋታን፣ ምን ይገትርሃል?» አለች። «ደወሉን ሳብ እንጂ፣ ሰው ይጠብቃል!»